ስለ ወንድምና እህት ሐዘን የሚጻፍ ልቦለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ወንድሙን ወይም እህቱን በሞት ስላጣ ሰው ልቦለድ የሚጽፉ ሰዎች ረቂቃቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እንዲሁም እንዲህ ያለ ልቦለድ አንብበው የጨረሱ አንባቢዎች ደግመው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ረቂቅ በማንበብና በማረም ካሳለፍኳቸው ዓመታት የተገኙ ናቸው። ታላቅ ወንድሜን በሞት ያጣሁ ሰው በመሆኔ ጉዳዩን ከሩቅ ቆሜ እንደማልመለከተውም ከወዲሁ ቢታወቅልኝ እወዳለሁ።

የወንድም ወይም የእህት ሞት በልቦለድ ውስጥ ከሌላው ሐዘን በምን ይለያል?

ወላጆቻችን እኛ ሳንወለድ የኖሩት ዕድሜ አላቸው፤ የትዳር ጓደኛ ካደግን በኋላ ይመጣል፤ ልጆቻችንም ልጅነታችንን አላዩትም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮን የኖረውና፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ እስከ እርጅና አብሮን የሚዘልቀው ወንድም ወይም እህት ነው። ስለዚህ የእናት ልጅ ሲሞት ከሰውዬው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የልጅነታችን ምስክር ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ቅጽል ስም፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚስቁበት ቃል፣ አባት ሲቆጣ ሁለቱ የሚደበቁበት ጥግ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ደግሞ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥለት የለም። ሐዘንተኛው «በእርግጥ እንዲህ ሆኖ ነበርን?» ብሎ የሚጠይቀው አጥቷል፤ ለልቦለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የከበረ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ የማይተካ መሆን ጥንትም የታወቀ ነገር ነው። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ታሪክ፣ የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ኢንታፍሬኔስ የተባለውን ሹም ከነቤተሰቡ ለሞት አስሮ ሳለ፣ የሹሙ ሚስት ከታሰሩት አንዱን ብቻ እንድታድን እንደ ተፈቀደላትና እርሷም ባሏንና ልጆቿን ትታ ወንድሟን እንደ መረጠች ይተርካል። ምክንያቷን ስትጠየቅ፣ ፈጣሪ ከፈቀደ ሌላ ባል ማግባትና ሌላ ልጅ መውለድ እንደምትችል፣ አባትና እናቷ በሕይወት ስለሌሉ ግን ሌላ ወንድም ከቶ ሊኖራት እንደማይችል ተናገረች። ዳርዮስም በመልሷ ተደስቶ ከወንድሟ ጋር የበኩር ልጇን ጨምሮ ሰጣት። ምርጫዋን ዛሬ ብዙዎቻችን ላንቀበለው እንችላለን፤ የሚያሳስበኝ ግን ስለ ወንድም የተናገረችው ቃል በስሌት መልክ የቀረበ ቢሆንም ከስሌት በታች ያለውን ድንጋጤ የሚያሰማ መሆኑ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ባሏ የሞተባት መበለት ትባላለች፣ ወላጆቹን ያጣ የሙት ልጅ ይባላል፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የሞተችበት ሰው ግን የሚጠራበት ስም የለውም። «ስንት ወንድምና እህት አለህ?» የሚለው ተራ ጥያቄ እንኳ ለእርሱ መልሱ የጠፋ ጥያቄ ነው። «ሁለት ነን» ቢል ሟቹን የካደ ይመስለዋል፤ «ሦስት ነን» ቢል ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ይፈራል። «ወንድም አለኝ» እና «ወንድም ነበረኝ» በሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል የቆመ ገጸ ባሕርይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሊሸከም ይችላል።

በልቦለዶች ውስጥ የወላጆች ሐዘን የልጆቹን ሐዘን የሚሸፍነው ለምንድን ነው?

በሕይወትም የሚሆነው እንዲሁ ስለሆነ ነው። ሰው ሁሉ በሕይወት የቀረውን ልጅ ሲያገኘው «እናትህ እንዴት ሆነች?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ ቀጥሎም ለወላጆቹ ሲል እንዲበረታ ይመክረዋል። አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሥራ፣ በዙሪያው ያለ ማኅበረሰብ በቂ ዕውቅና የማይሰጠውን ሐዘን በአንድ ስያሜ አሰባስቦ ለጥናት አቅርቦታል፤ የወንድምና የእህት ሐዘን በተለይም ሁሉም በየቤቱ የራሱን ኑሮ ከመሠረተ በኋላ ሲደርስ በአብዛኛው እዚህ ውስጥ የሚገባ ነው። ጸሐፊው ይህን ካወቀ ግጭቱን ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልገውም። እናቱ እንዳትሰማው ውኃ ከፍቶ የሚያለቅስ ልጅ፣ የሟች እህቷን ድርሻ ሳይነገራት ተረክባ የቤቱ አስታራቂ የሆነች ታናሽ፣ ወላጆቹ ሲያዩት ሌላውን እያዩ መሆኑን የሚያውቅ ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያዝኑ ሰዎች ናቸው፤ ልቦለድም ድምፅ ለማያሰማ ሐዘን የተመቸ ቦታ ነው።

ምዕራፎቹን በአምስቱ የሐዘን ደረጃዎች መሠረት ባዋቅራቸውስ?

አልመክርም። አምስቱ ደረጃዎች፣ ማለትም መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርትና መቀበል፣ ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ የተባለችው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ይፋ ያደረገቻቸው ሲሆኑ፣ መነሻቸው ራሳቸው ለሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ያደረገችው ቃለ ምልልስ ነው። ወደ ሐዘንተኞች የተዛመቱት በኋላ ነው፤ ሐዘንተኛ ሁሉ በተራ የሚወጣቸው ደረጃዎች ስለመሆናቸውም ምርምር ማረጋገጫ አላገኘም። በልቦለድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉዳት አላቸው፤ አንባቢው ሁለተኛው ክፍል ላይ ቁጣን ካየ አምስተኛው ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፣ ያወቀውን ደግሞ አብሮ አይኖረውም።

ለትዕይንት አደራደር ይበልጥ የሚረዳው የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ይመስለኛል። በእነርሱ አስተያየት ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ጎደለው ሰው ዞሮ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፣ ፎቶግራፍ ያያል፤ ሌላ ጊዜ ከዚያ ዘወር ብሎ ሂሳብ ይከፍላል፣ ሥራ ይሄዳል፣ አልፎ ተርፎም ይስቃል። መመላለሱ ራሱ የጤናማ ሐዘን አካሄድ ነው። ስለዚህ እህቷን ከቀበረች በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ከልቧ የሳቀች፣ ከዚያም በሳቋ መካከል የእህቷን አሳሳቅ በገዛ ጉሮሮዋ ውስጥ የሰማች ሴት መጻፍ፣ አርባ ገጽ ሙሉ ከምታለቅስ ሴት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

«መልቀቅ» ማለት መርሳት ማለት ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የብዙ ረቂቆች መጨረሻ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ስለ ሐዘንና ስለ ከባድ ትካዜ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሐዘን ሥራ ማለት ከሟቹ ጋር የታሰረውን ስሜት ክር በክር እየፈቱ ነጻ ማውጣት እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገዥ ሆኖ ቆየ፤ «ተወው፣ ርሳው፣ ወደ ፊት ቀጥል» የሚለው ምክር ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። ይሁንና የራሱ የፍሮይድ ሕይወት ሌላ ነገር አስተማረው። ልጁ ሶፊ እ.ኤ.አ. በ1920 ሞተችበት፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ልጁ ለሞተበት ወዳጁ ለሉድቪግ ቢንስዋንገር በጻፈው ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው የሐዘን ብርታት እንደሚበርድ፣ ነገር ግን ሰው መጽናናት የማይችልና ምትክ የማያገኝ ሆኖ እንደሚቀር፣ እንዲህም መሆኑ ያንን ፍቅር የማቆያ ብቸኛው መንገድ እንደሆነ ገለጸለት። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1996 ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን ባሰናዱት መጽሐፍ፣ ሐዘንተኞች ከሟቾቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር በጥሰው እንደማይጥሉት፣ ይልቁንም መልኩን ለውጠው ይዘውት እንደሚኖሩ በሰፊው ታየ።

ታዲያ የሚለቀቀው ምንድን ነው? እኔ እስከ ገባኝ ድረስ የሚለቀቀው ሰውዬው ይመለሳል ብሎ መጠበቁ ነው። በቋንቋችን «እርም ማውጣት» የምንለው ነገር ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ እርሙን ያወጣ ሰው ተስፋውን ቆርጧል፣ ፍቅሩን ግን አልቆረጠም። ስልክ በጮኸ ቁጥር እርሱ ነው ብሎ አለመደንገጥ፣ ሁለት ብርጭቆ ለማውጣት ከተዘረጋ እጅ አንዱን መመለስ፣ ቁጣውንና ቅሬታውን ለሚመልስ ሰው እንደሚናገሩት አለመናገር፣ መልቀቅ በእነዚህ ጥቃቅን ቦታዎች ይታያል። በገጸ ባሕርይው አፍ «ዛሬ ለቀቅሁህ» የሚል ንግግር ማስገባት ግን መጽሐፉ በብዙ ድካም የሠራውን ነገር በአንድ መስመር ማርከስ ነው። በእጅ የሚያልቀውን ነገር ለአፍ አትስጡት።

ሟቹን ለአንባቢ እንዴት ሕያው ላድርገው?

ሳይሞት በፊት አኑረው። ብዙ ረቂቅ የሚከፈተው በቀብር ነው፤ አንባቢውም ያላወቀውን ሰው እንዲያለቅስለት ይጠየቃል። ሟቹ በምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ በሚተረክ ትዝታ፣ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ምልሰቶቹ ሁሉ የሚያበሩ፣ የሚያማምሩ ይሆኑና ሰውዬው ቅዱስ ሆኖ ይወጣል፤ ቅዱስ ደግሞ አይናፈቅም። ወንድም የሚናፈቀው ከነክፋቱ ነው። የተበደረውን የማይመልስ፣ በሰው ፊት ታናሹን የሚያሳፍር፣ ጫማ ሳይጠይቅ የሚያደርግ፣ ያም ሆኖ ከትምህርት ቤት በዝናብ ሲመለሱ ኮቱን አውልቆ የሚያለብስ ይሁን። በሁለቱ መካከል ያልታረቀ ጠብ ካለ አትደብቀው፤ ሐዘኑን ከባድ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ፍቅሩ ብቻ ሳይሆን ከፍቅሩ ጋር ተጠላልፎ የቀረው ቅናት ነው። እናት ለማን ታደላ ነበር? ማን ጎበዝ ተባለ፣ ማን ሰነፍ? «ጎበዙ» ሲሞት «ሰነፉ» ምን ይሆናል? እነዚህን ጥያቄዎች የሸሸ ልቦለድ ስለ ወንድማማች ፍቅር ገና መናገር አልጀመረም።

ምልልስም ይረዳል። ወንድምና እህት ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይነጋገሩም፤ ግማሹን አንዱ ይጀምረዋል፣ ግማሹን ሌላው ይጨርሰዋል፣ አንዳንዱም ሳይነገር ይገባል። ሟቹ በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ንግግር ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ ከተሰማ፣ ከሞቱ በኋላ ግማሹ ብቻ ተጀምሮ የሚቀር ዐረፍተ ነገር አንባቢውን ያለ ምንም ማብራሪያ ይጎዳዋል።

በማን አንጻር ልተርከው?

በአንደኛ መደብ መተረክ ቅርበት ይሰጣል፤ በሦስተኛ መደብ መተረክ የቤቱን ሰው ሁሉ ለማየት ያስችላል። በአማርኛ ብዙዎች የሚመርጡት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሟቹን «አንተ» ወይም «አንቺ» እያሉ ማናገር። ግሣችን መደቡንና ጾታውን ስለሚሸከም «መጣህ»፣ «ሳቅሽ» የሚሉት ነጠላ ቃላት እንኳ ሰው ፊት ለፊት የቆመ ያህል ይሰማሉ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ሟቹ የሚያውቀውን ነገር ለሟቹ መተረክ («አንተ እኮ መሐንዲስ ነበርህ») ሐሰተኛ ይሆናል፣ መረጃው ለአንባቢው የተላከ መሆኑም ወዲያው ይታወቃል። ይህን መንገድ የመረጠ ጸሐፊ ሟቹ የማያውቀውን፣ ማለትም ከሞቱ በኋላ የሆነውን ብቻ ቢነግረው ይሻላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጽሐፉ ማብቂያ አቅራቢያ፣ ተራኪው «አንተ» ማለቱን ትቶ «እርሱ» ማለት ቢጀምር ደግሞ ስለ መልቀቅ አንድም ቃል ሳይናገር ሁሉንም ተናግሯል።

ተራኪው ሕፃን ቢሆንስ?

ይቻላል፤ ዕድሜውን ግን በጥንቃቄ መምረጥ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ልጆች ሞት የማይመለስና ለሁሉ የሚደርስ መሆኑን የሚረዱት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ልጅ «ሞተች» የሚለውን ቃል እየደገመ እህቱ መቼ እንደምትመጣ ሊጠይቅ ይችላል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ቢጠይቅ ግን ሌላ ነገር እየሸሸ ነው ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች በሐዘን መካከል ተነሥተው መጫወታቸውም የተለመደ ነው፤ ጨዋታውን እንደ ግድየለሽነት የሚያዩ ትልልቅ ሰዎች በዙሪያቸው ቢኖሩ ለትረካው ጥሩ ውጥረት ይፈጥራል።

የመጨረሻው ጠብና ጸጸት ያረጀ ዘዴ አይደለም?

በጣም ተደጋግሟል፤ ቢሆንም የተደጋገመው እውነት ስለሆነ ነው። የሚያሰለቸው ጸጸቱ ሳይሆን መጠኑ ነው፤ ሟቹ ከቤት የወጣው ታላቅ ስድብ ተሰድቦ፣ በሩም ተወርውሮ ሲሆን ትዕይንቱ የተሰናዳ ይመስላል። እውነተኛ ጸጸት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ላይ ይጣበቃል። እኔ ለወንድሜ በመጨረሻ የነገርኩት «ቆይቼ እደውልልሃለሁ» የሚል ነበር፣ ደግሞም ሥራ ስለበዛብኝ አልደወልኩም። በዚህ ውስጥ ጠብ የለም፣ ጥፋትም የለም ማለት ይቻላል፤ ያም ሆኖ ያቺን ዐረፍተ ነገር ለረጅም ዘመን ተሸክሜአታለሁ። ገጸ ባሕርይህም እንዲህ ያለ፣ ለሌላ ሰው ቢናገረው «ይህ ምን አለበት?» የሚባልበትን ነገር ይሸከም።

ወንድሙ ወይም እህቱ ሞቶ ሳይሆን ጠፍቶ ቢሆንስ?

ይህ ሌላ ልቦለድ ነው። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ሕክምና ተመራማሪ ፖሊን ቦስ፣ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ጨምሮ ብዙዎችን አጥንታ፣ ማረጋገጫ የሌለው እጦት ከሁሉ የከበደ እንደሆነ አስረድታለች፤ አስከሬን ባልታየበትና ቁርጡ ባልታወቀበት ሁኔታ ሐዘንተኛው ማዘን ክህደት፣ ተስፋ ማድረግም ሞኝነት ሆኖ ይሰማዋል። በእንዲህ ያለ ታሪክ መልቀቅ ማለት እንቆቅልሹን መፍታት ሊሆን አይችልም። ከእንቆቅልሹ ጋር አብሮ መኖርን መማር ሊሆን ግን ይችላል። በመጨረሻው ምዕራፍ ጠፊውን ማግኘት፣ በሕይወትም ሆነ በሞት፣ የመጽሐፉን ጥያቄ መሸሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

የራሴን ቤተሰብ ታሪክ ብጽፍ ቅሬታ አያስነሣም?

ያስነሣል። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች በአንድ ቤት አያድጉም፤ ታላቁ ያደገበት ቤትና ታናሿ ያደገችበት ቤት ግድግዳው አንድ ይሁን እንጂ ወላጆቹ በዕድሜ፣ በኑሮና በጠባይ ሌሎች ናቸው። ስለዚህ በሕይወት ያሉት ወንድሞችና እህቶች ስለ ሟቹ የሚያስታውሱት ከአንተ ጋር አይገጥምም፤ የማይገጥመውም ከመካከላችሁ አንዱ ስለዋሸ አይደለም። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት አሳያቸው፤ ፈቃድ ለመለመን ብቻ ሳይሆን «እንዲህ አልነበረም» የሚሉህን ለመስማት ጭምር። አለመግባባቱን ወደ ልቦለዱ ማስገባትም ትችላለህ፣ ብዙ ጊዜ ከዋናው ታሪክ የበለጠ ሕይወት ያለው እርሱ ነው። የሟቹን የሕመም ምሥጢር፣ ዕዳውን ወይም ለአንተ ብቻ ያመነውን ነገር ግን ስም ቀይሬአለሁ ብለህ አታውጣው፤ የሚያውቁት ሁሉ ያውቁታል፣ እርሱም መልስ መስጠት አይችልም።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ልቦለድ ማንበብ ይገባዋልን?

አንዳንዱን ያጽናናዋል፣ አንዳንዱን ያባብስበታል፤ የሚያውቀው ራሱ ነው። እኔ ወንድሜ ከሞተ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ሞት ያለበትን መጽሐፍ መግለጥ አልቻልኩም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም። ለሐዘንተኛ ያልተጠየቀ መጽሐፍ በስጦታ መስጠት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልቦለድ ሕክምና እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ በ11ኛው እትሙ ከስድስት ወር በላይ ሳይበርድ የቆየና የሰውን የዕለት ኑሮ ያሰናከለ ብርቱ ሐዘንን ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ መዝግቦታል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሻሻያ ለአዋቂዎች የአሥራ ሁለት ወር ገደብ አስቀምጧል። እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው።

መጨረሻው እንዴት ቢሆን ይሻላል?

ብዙ ጸሐፊዎች መቃብር አጠገብ፣ ባሕር ዳር ወይም ተራራ ላይ ይጨርሱታል፣ ነፋስም ይነፍሳል። ቦታው ራሱ ስሜቱን እንዲሠራላቸው ስለሚፈልጉ ነው፤ እኔ ግን ከተራ ቤት የማይወጣ መጨረሻ እመርጣለሁ። በዚህ ረገድ በሌሎች ታሪኮች የማይገኝ አንድ ዕድል አለ፤ ታናሹ በዕድሜ ታላቁን የሚያልፍበት ቀን። ታላቅ ወንድም በሠላሳ አንድ ዓመቱ ቢሞት፣ ታናሹ አንድ ቀን ሠላሳ ሁለት ይሞላዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ታላቄ» የሚለው ሰው ከእርሱ የሚያንስ ወጣት ነው። ለእኔ ያ ቀን ያለ ምንም ምልክት ነው የመጣው፤ ጠዋት ፊቴን ስላጭ መስተዋቱ ውስጥ ያየሁት ፊት ወንድሜ ደርሶበት የማያውቀው ፊት ነበር። ምላጩን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያም የቀረውን ግማሽ ጉንጬን ላጨሁ።